ቻክ ላይ አንዱን ድምፅ ብቻ እንዴት ማስቆም ይቻላል?

ቻክ ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ ሙዚቃ በኮድ የሚሠራበት ቋንቋ ነው። ጎን ለጎን የሚሄዱትን ሥራዎች «ሽሬድ» ይላቸዋል። ከበሮው በአንዱ፣ ቤዙ በሌላው ሽሬድ ይሄዳል። ማስነሳቱ ቀላል ነው፤ ከፋንክሽኑ (ስም ከተሰጠው የኮድ ክፍል) ስም በፊት «ስፖርክ»ን (spork) ከ~ ምልክት ጋር መጻፍ ነው። ጣጣው ቤዙን ዝም አሰኝቶ ከበሮውን ማስቀጠል ሲፈለግ ነው።

መጀመሪያ የትኛውን እንደምታስቆሙ እወቁ። ሚኒኦዲክልን (የቻክ ኮድ የሚጻፍበትንና የሚሠራበትን ፕሮግራም) የምትጠቀሙ ከሆነ፣ የቨርቹዋል ማሽኑ (ኮዱን የሚያስኬደው ክፍል) መስኮት የሚሠሩትን ሽሬዶች ከነቁጥራቸው ይዘረዝራል። በጎኑ ያለችውን የመቀነስ ምልክት መጫን ይበቃል።

ከኮዱ ውስጥ ከሆነ ግን ሽሬዱን ገና ስታስነሱት በቫሪያብል (ዋጋ በሚይዝ ስም) ያዙት። ሲበቃችሁ በዚያ ቫሪያብል ላይ «ኤግዚት» (exit) የሚለውን ትእዛዝ ጥሩ። ቁጥሩን ብቻ ካወቃችሁ «ማሽን ሪሙቭ» (Machine.remove) አለላችሁ። ሽሬዱ በራሱ እንዲወጣ ከፈለጋችሁ ደግሞ «ሚ ኤግዚት» (me.exit) ይበል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። እነዚህ ሁሉ ድምፁን በመሃል ይቆርጡታል፤ ሞገዱ ከፍ ባለበት ከተቆረጠ ስፒከሩ «ጧ» ይላል። በጆሮ ማዳመጫ ሲሆን ያስደነግጣል። እኔ የምመርጠው ሽሬዱን መለመን ነው። ከፋንክሽኑ ውጭ «ይቀጥል» ዓይነት ቫሪያብል አስቀምጡ፤ ሉፑ (የሚደጋገመው የኮድ ክፍል) በየዙሩ ይየው። ዋጋው ዜሮ ሲሆን ከሉፑ ይውጣ፣ ኤንቨሎፑን (የድምፁን ከፍታ የሚቆጣጠረውን) «ኪ ኦፍ» (keyOff) ይበለው፣ 50 ሚሊሰከንድ ያህል ጊዜ ያሳልፍና ያብቃ። ድምፁ ቀስ ብሎ ይሞታል።

ሳትፈልጉት የሚቆምም አለ። ወላጁ ሽሬድ ኮዱን ከጨረሰ ያስነሳቸው ልጆች አብረውት ይሄዳሉ። «ስፖርክ አድርጌው ምንም አይሰማም» የሚል ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የተያዘው እዚህ ነው። ወላጁ መጨረሻ ላይ ጊዜ የሚያሳልፍ ሉፕ ይኑረው። በ«ማሽን አድ» (Machine.add) የገባ ፋይል ግን ልጅ አይደለም፤ ወላጁ ቢያልቅም ይቀጥላል።

ሁሉም ነገር ድርቅ ካለስ? ጊዜ የማያሳልፍ ሉፕ ፈልጉ። ሽሬዶቹ ተራ የሚለቃቀቁት አንዱ ጊዜ ሲያሳልፍ ነው። አንዱ ተራውን አልለቅም ካለ የማስቆሚያ ትእዛዙም ወረፋ አይደርሰውም። ተርሚናል ላይ ከሆናችሁ ኮንትሮልና ሲን ተጭናችሁ ዝጉት፤ ከዚያ ሉፑ ውስጥ ወደ «ናው» (now፣ ጊዜ የሚያሳልፈው ቃል) የሚሄድ አንድ መስመር ጨምሩ።