ስልኩ ስም ይላክ፣ ኩዌሪው ሰርቨር ላይ ይቀመጥ

ጅማ ላይ ለቡና ሰብሳቢዎች አፕ የምትሠሩ ልጆች፣ ይሄ ለእናንተ ነው።

ምልክቱ እንዲህ ነው። የማና ወረዳው ሰብሳቢ የራሱን የእሸት ቡና ሂሳብ ብቻ ማየት ሲገባው፣ የአጋሮው በኪሎ ስንት እንደገዛም ያያል። ወይ ደግሞ ቡና በሚለቀምበት ሰሞን ሰርቨሩ ይንቀራፈፋል፣ ሎጉ (ሰርቨሩ የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል) ሲታይ ከእናንተ ማንም ያልጻፈው፣ ቴብሉን (የዳታውን ሰንጠረዥ) እንዳለ የሚጎትት ኩዌሪ (ለዳታቤዝ የሚላክ ጥያቄ) ይገኛል።

መንስኤው? አፑ ኤስኪውኤሉን (ኩዌሪው የሚጻፍበትን ቋንቋ) ራሱ ጽፎ ይልካል፣ ሰርቨሩም የመጣለትን ሁሉ ያስኬዳል። ስልኩ ያለው ግን በሰው እጅ ነው፤ የሚላከውን ጠልፎ «የራሱን ብቻ» የሚለውን የማጣሪያ መስመር ማጥፋት ለሚያውቅበት ከባድ አይደለም። የሌላውን ሂሳብ የሚያሳየውን በተን ከስክሪኑ ላይ መደበቅ ምንም አያድንም።

መፍትሄው፦ ኩዌሪዎቹን በሙሉ ሰርቨር ላይ አስቀምጡና ስም ስጧቸው። ስልኩ «የቀን ግዢ» የሚለውን ስምና ቀኑን ብቻ ይላክ። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ስም ከመጣ ወዲያው ውድቅ ይደረግ። ቀኑን ደግሞ ከኤስኪውኤሉ ጽሑፍ ጋር አትቀጥሉት፣ በፓራሜትርነት ለብቻው አሳልፉት፤ አለበለዚያ የዘጋችሁት ቀዳዳ በሌላ በኩል ይከፈታል።

«ይሄን አድርገን አሁንም የሌላውን ያያል» ከሆነ፣ የሰብሳቢውን መለያ ቁጥር ከስልኩ እየተቀበላችሁ ነው ማለት ነው። 41 የነበረውን 42 አድርጎ ቢልክስ? ኩዌሪው የተፈቀደ ነው፣ መልሱ ግን የጎረቤቱ ነው። መለያውን ሰርቨሩ ራሱ ከሎጊኑ ሴሽን (ሰውየው ሲገባ ሰርቨሩ ከያዘው መረጃ) ይውሰድ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይሄንን ነው፣ እባካችሁ ደጋግማችሁ እዩት።

ፖስትግሬስ (ዳታቤዙ) ላይ በፈንክሽን ለምትሠሩ፦ ቴብሉን በቀጥታ የማንበብ ፈቃድ ከአፑ የዳታቤዝ ተጠቃሚ ላይ ስታነሱ «ፐርሚሽን ዲናይድ» (ፈቃድ የለህም) ከመጣ፣ ፈንክሽኑ በጠሪው መብት እየሠራ ስለሆነ ነው። ሴኪዩሪቲ ዲፋይነር (በባለቤቱ መብት የሚሠራ) አድርጉት፣ ሰርች ፓዙንም (ቴብሎችን የሚፈልግባቸውን ቦታዎች) እዚያው ወስኑለት። አዲስ ፈንክሽን ሲፈጠር ማንም እንዲጠራው ክፍት ስለሚሆን የመጥራት ፈቃዱን ከፐብሊክ (ከሁሉም ተጠቃሚ) ላይ ንጠቁና ለሚያስፈልገው ብቻ ስጡ።

የምትጠቀሙት ግራፍኪውኤል (ሌላው የኩዌሪ ቋንቋ) ከሆነ፣ አውቶማቲክ ፐርሲስትድ ኩዌሪ (በሙሉ ጽሑፉ ፋንታ አጭር መለያውን የሚልከው ዘዴ) ይበቃናል አትበሉ። እሱ ዳታ ለመቆጠብ የተሠራ ነው፤ ሰርቨሩ የማያውቀው ሃሽ (ያ አጭር መለያ) ሲመጣ ሙሉውን ጽሑፍ ከስልኩ ተቀብሎ ያስኬዳል። የሚያስፈልጋችሁ አስቀድሞ የተመዘገበ ዝርዝር ነው።

ከለውጡ በኋላ አንዳንድ ስልክ ላይ ብቻ እምቢ ካለ፣ አፑ አልታደሰም። ዳታ ለመቆጠብ ሲል አፕዴት የማያደርግ ብዙ ነው፣ ስለዚህ የድሮዎቹን ስሞች የሚጠራቸው እንደሌለ ሎጉ እስኪያሳይ አታጥፏቸው።