በአንድ ቀን ሳልሞን፣ አጋዘንና ግራውስ፦ የስኮትላንዱ ማክናብ እንዴት ይሳካል

የስኮትላንድ ደጋ አዳኞች «ማክናብ» የሚሉት ነገር ሲነገር ቀላል ነው፦ ፀሐይ ወጥታ እስክትጠልቅ አንድ ሳልሞን ዓሣ በዘንግ ማውጣት፣ አንድ ወንድ ቀይ አጋዘን መጣል፣ ሁለት ግራውስ መምታት። ስሙ በ1925 እ.ኤ.አ. ከታተመ ልብ ወለድ የመጣ ነው። በታሪኩ ባለርስቱን «እመጣብሃለሁ» ብሎ በደብዳቤ አስጠንቅቆ አጋዘንና ሳልሞን መስረቅ እንጂ የወፍ ግዴታ የለም፤ ወፏን የጨመሯት በኋላ የመጡ አዳኞች ናቸው። ዛሬ ሁሉም በፈቃድ፣ በክፍያና ከመሪ ጋር ነው የሚደረገው።

በቅድሚያ ስሞቹን እናጥራ። ቀይ አጋዘን የባሌው ደጋ አጋዘን ዘመድ አይደለም። የእኛው ቀንዱን ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ይኖራል፤ የስኮትላንዱ ግን በየዓመቱ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ጥሎት እንደገና ያበቅላል። ግራውስ የቆቅ ወገን ናት፤ ክብደቷ ከ600 እስከ 700 ግራም ይደርሳል፣ የምትኖረውም ሄዘር በሚባል ቁጥቋጦ ውስጥ ነው። ሄዘር ደግሞ በስሜንና በባሌ ተራሮች የምናውቀው የአስታ ዘመድ ነው፤ ቁመቱ ግን ከጉልበት እምብዛም አያልፍም።

ቀኑን መምረጥ

የግራውስ ወቅት ከኦገስት 12 (ነሐሴ 6) እስከ ዲሴምበር 10 (ታኅሣሥ 1) ነው። የሳልሞኑ ቀን በየወንዙ ይለያያል፤ ስፔይ ሴፕቴምበር 30 (መስከረም 20) ሲዘጋ ዲ እና ቴይ እስከ ኦክቶበር 15 (ጥቅምት 5) ይቆያሉ። ወንድ አጋዘን በልማድ የሚታደነው እስከ ኦክቶበር 20 ነው። ሦስቱ የሚገጣጠሙት እንግዲህ ከነሐሴ 6 እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ባለው ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያም ላይ እሑድን ቀንሱ፤ በስኮትላንድ እሑድ ሳልሞን ማጥመድ በሕግ ክልክል ነው።

በነሐሴ አጋማሽ ቀኑ አሥራ አምስት ሰዓት ያህል ብርሃን አለው፣ ወፎቹም ገና ወጣት ስለሆኑ ሰው እስኪጠጋቸው ይተኛሉ። ወንዙ ግን ብዙ ጊዜ ጎድሎ ይሞቃል። ውኃው ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ዓሣው ስለሚጨነቅ ማጥመዱን መተው ነው። በመስከረም ዝናቡ ይመጣል፣ ዓሣ ከባሕር ይወጣል፣ አጋዘኖቹም መጮህ ስለሚጀምሩ በድምፅ ይገኛሉ፤ ቀኑ ግን ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ያጥራል፣ ወፎቹም ከሩቅ ይነሳሉ። ምርጫ ካለ ከመስከረም 1 እስከ 15 ያለው ይሻላል። ያለ ውኃ ሳልሞን የለም፤ የራቀችን ወፍ ግን በእግር መድረስ ይቻላል።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት አንድ ጥያቄ አይረሳ፦ «ዘንድሮ ግራውስ አላችሁ ወይ?» ትልና መዥገር የሚያመጣው በሽታ ወፎቹን በሚጨርስበት ዓመት ብዙ ርስቶች ተኩስ ይዘጋሉ። ቆጠራው በሐምሌ ስለሚደረግ ባለርስቱ መልሱን ያውቀዋል። ወንዙ፣ ተራራውና የወፍ መሬቱ በአንድ ርስት ውስጥ ቢሆኑ ይመረጣል፤ አንድ ሰዓት በመኪና የሚያስኬድ ርቀት ካላቸው ቀኑ ግማሹ በመንገድ ላይ ይቀራል።

ወረቀቱ

ስኮትላንድ እንደ እንግሊዝ አጠቃላይ የማጥመጃ ፈቃድ የላትም። የሳልሞን መብት የግል ንብረት ስለሆነ የባለመብቱን የጽሑፍ ፈቃድ መያዝ ግድ ነው። የራሱን መሣሪያ ይዞ የሚመጣ እንግዳ በጋባዡ በኩል ለፖሊስ አመልክቶ የጎብኚ ፈቃድ ያወጣል። ከዚህ ሁሉ የርስቱን ጠመንጃ መዋስ ይቀላል፤ 17 ዓመት የሞላው ሰው አዋሹ ወይም ወኪሉ አጠገቡ እያለ በዚያው የግል መሬት ላይ ሊተኩስበት ይችላል። በዘንግ የተያዘ ሳልሞን መሸጥ ክልክል ነው። በብዙ ወንዞች መልቀቅም ግዴታ ነው፤ የተለቀቀ ዓሣ ለማክናብ ይቆጠራል።

ለምን ሳልሞን ይቀድማል

ይህን ቀን ከማነጣጠር ይልቅ የሚያበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው። አጋዘንን በመነፅር ፈልገው ያገኙታል፣ ግራውስን ከውሻ ጋር ሄደው ያስነሷታል። ሳልሞን ግን ከባሕር ወደ ወንዝ ከገባ በኋላ መመገብ ያቆማል፤ ዝንቧን፣ ማለትም ዝንብ መስላ የተሠራችውን መንጠቆ፣ የሚነክሰው ስለራበው አይደለም፣ ማስገደድም አይቻልም። ስለዚህ የማይታዘዘውን ሁለት ጊዜ እንዲሞከር ንጋትና ምሽት ላይ ማስቀመጥ፣ የሚታዘዙትን መሃል ማድረግ ነው። ወፏን ከአጋዘኑ ማስቀደም ደግሞ ስህተት ነው፤ በተራራው ላይ ሁለት ጥይት ከጮኸ አጋዘኖቹ ቀኑን ሙሉ አይመለሱም።

ለመስከረም የሚሠራ ሰሌዳ ይኸውና፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር፦ ፀሐይ 12፡50 ገደማ ስትወጣ ወንዝ ውስጥ መቆም፤ ዓሣ ተያዘም አልተያዘም 3፡30 ላይ መውጣት፤ 4፡00 ተራራ ላይ መሆን፤ አጋዘኑን እስከ 8፡00 መጣል፤ ከ9፡30 እስከ 11፡30 ግራውስ፤ ከዚያ እስክትጠልቅ፣ 1፡30 ገደማ ድረስ፣ እንደገና ወንዝ። «አንድ ወርውሬ ልሂድ» እያሉ እስከ 5፡00 የሚቆዩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱንም ያጣሉ።

ወንዙ

ከ13 እስከ 15 ጫማ የሆነ የሁለት እጅ ዘንግ፣ ተንሳፋፊ ክር ከሚሰምጥ ጫፍ ጋር፣ ከ12 እስከ 15 ፓውንድ የሚችል የጫፍ ክር ይበቃል። ዝንቦቹ ብርቱካናማና ቢጫ ያለባቸው፣ እንደ ካስኬድና አሊስ ሽሪምፕ ያሉ ይሁኑ። ውኃው ጥርት ብሎ ሲጎድል ቁጥር 10 ወይም 12፣ ሲሞላና ሲደፈርስ ቁጥር 6 ወይም 8፤ ቁጥሩ ሲጨምር ዝንቧ ታንሳለች። መንጠቆው ጥምር ወይም ነጠላ ሆኖ የኋሊት እሾሁ በፒንሳ የተጨፈለቀ ይሁን።

ዝናብ ከጣለ በኋላ ወንዙ እየሞላ ጭቃ ሲያመጣ ጊዜዎን አያባክኑ። መጉደል ጀምሮ የቀጭን ሻይ መልክ ሲይዝ ነው ሰዓቱ። ክሩን 45 ዲግሪ ወደ ታች አሻግሮ መወርወር፣ ዝንቧ ቀስ ብላ ወደ ዳር እስክትዞር መተው፣ ከዚያ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ታች ተራምዶ መድገም። አንድ ቦታ ላይ ሃያ ጊዜ ከመወርወር ኩሬውን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ መጨረስ ይሻላል።

ዓሣው ሲነካ ዘንጉን ወዲያው መንጠቅ ከሁሉ የከፋው ልማድ ነው። ሳልሞኑ ዝንቧን ይዞ ወደ ታች ዞሮ ሲሄድ ነው መንጠቆው ከአፉ ጥግ የሚገባው፤ ቀድሞ ከተጎተተ ከአፉ ይወጣል። እጅን ከማጠንጠኛው ላይ አንስቶ ክሩ ሲጠብቅና ክብደቱ ሲሰማ ብቻ ዘንጉን በእርጋታ ማንሳት። የቆየው ልማድ ለአንድ ፓውንድ አንድ ደቂቃ ነው፤ በዚህ ወቅት የሚወጡት ብዙዎቹ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ስለሆኑ ከሰባት ደቂቃ አይበልጥም። የሚለቀቅ ከሆነ ከመረቡ ሳይወጣ፣ ውኃ ውስጥ እያለ ፎቶ ይነሳል፤ ከዚያ ጭንቅላቱን ውኃው ወደሚመጣበት አቅጣጫ ይዞ ራሱ ታግሎ እስኪሄድ መደገፍ ነው።

ከወንዝ ሲወጡ ልብስ መቀየር የቅንጦት አይደለም። ረጥቦ ተራራ የወጣ ሰው በነፋስ ይንቀጠቀጣል፣ የተንቀጠቀጠ እጅ ደግሞ አጋዘን ያቆስላል። ደረቅ ካልሲና ሁለተኛ ሹራብ መኪና ውስጥ ይጠብቁዎት።

ተራራው

ከሁሉ በፊት መሪው፣ በአገሬው አጠራር ስቶከሩ፣ ዒላማ ላይ ያስተኩስዎታል፤ ቢቻል ከዋዜማው ይጨረስ። ተኝቶ ከ100 ሜትር ሦስት ጥይት በ10 ሳንቲ ሜትር ክብ ውስጥ ማስገባት ዝቅተኛው ነው፤ ጠመንጃው በ100 ሜትር 2.5 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ቢስተካከል እስከ 180 ሜትር ድረስ ማሰብ አያስፈልግም። ለቀይ አጋዘን ሕጉ ተስፋፊ ጥይት፣ ቢያንስ 1,750 ጫማ ፓውንድ ኃይልና በሴኮንድ 2,450 ጫማ ፍጥነት ይጠይቃል፤ 0.270 እና 0.308 ካሊበር ይህን በቀላሉ ያሟላሉ። ጠመንጃውን የሚሸከመው ስቶከሩ ነው፤ ጥይት የሚጎርሰው መተኮሻው ቦታ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። የትኛው አጋዘን እንደሚወድቅ የሚመርጠውም እሱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ያረጀውን ወይም ቀንዱ የተበላሸውን ይመርጣል እንጂ ግድግዳ ላይ የሚያምረውን አይደለም።

ነፋስ ሁልጊዜ ከአጋዘኑ ወደ እርስዎ ይንፈስ። በጎድጓዳ ቦታ ነፋስ ይዞራል፤ ስለዚህ ስቶከሩ ግማሽ ሰዓት አዙሮ ከወሰደዎት አይቆጡ። የመጨረሻው መቶ ሜትር በሆድ መሳብ ነው፣ ብዙ ጊዜም ጥቁር ረግረግ ውስጥ። እዚህ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚፈልጓት ግራውስ ጠዋት ጠላት ትሆናለች፤ ከፊትዎ ፈርጥጣ እየጮኸች ከተነሳች አጋዘኖቹ ሁሉ አንገታቸውን ያቃናሉ። ያኔ ባሉበት መቅረት፣ ፊትን ወደ መሬት መድፋት፣ እንደገና ሣር መጋጥ እስኪጀምሩ አሥር ደቂቃም ቢሆን መጠበቅ ነው።

ተኩሱ ከ150 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። አጋዘኑ ጎኑን ሲሰጥ የፊት እግሩን የኋላ መስመር ተከትለው ከደረቱ ሥር ወደ ላይ አንድ ሦስተኛ ላይ ያነጣጥሩ። አንድ የታወቀ ወጥመድ አለ፦ መነፅሩ ከአፈሙዙ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ በመነፅሩ አጋዘኑ ጥርት ብሎ እየታየ አፈሙዙ ፊት ለፊት ካለው የሄዘር ጉብታ ጋር ሊፋጠጥ ይችላል። ጥይቱ አፈር ይመታል፣ ወይም ተጣሞ ሆድ ያቆስላል። ምላጭ ከመሳብዎ በፊት አፈሙዙ ነፃ መሆኑን ስቶከሩ ከጎን እንዲያይልዎ ይጠይቁ። ከሮጡ በኋላ ትንፋሽ ካልተመለሰ ይናገሩ፤ ማንም አይስቅብዎትም።

ከተኩሱ በኋላ ወዲያው ሌላ ጥይት አጉርሶ መነፅሩን ሳያነሱ መቆየት ነው። ወደ ላይ ዘሎ የሮጠ ልቡን የተመታ ነው፣ ቅርብ ይወድቃል። ጎብጦ በዝግታ የሄደ ሆዱን የተመታ ነው፤ በሚታይበት ርቀት እያለ ሁለተኛ ይጨመርለታል፣ ከተሰወረ ግን ቸኩሎ አይከተሉትም። ሆድ ዕቃው እዚያው ይወጣል፤ ጨጓራው እንዳይቀደድ ቢላዋው ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ በሁለት ጣት መሃል ይሄዳል። ማውረዱን ጋሮን ለሚባለው የደጋ ፈረስ ወይም ለስምንት ጎማው የረግረግ መኪና፣ ለአርጎካት፣ ይተዉት፤ እርስዎ ራስዎ ከጎተቱት ግራውሷ ትቀራለች።

ወፎቹ

ብዙ ሰው ይህን እንደ ምርቃት ያየዋል፤ የደከመ እግር ግን ይስታል። ባለ 12 ሾትገን፣ ቁጥር 6 ፍሬ፣ 28 ወይም 30 ግራም ይበቃል፤ ብረት ፍሬ ከሆነ መጠኑን ሁለት ደረጃ አተልቀው ቁጥር 4 ይውሰዱ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ፍሬው ይተልቃል። ውኃ በተኛበት ረግረግ ላይ የእርሳስ ፍሬ በስኮትላንድ ከ2005 ጀምሮ ክልክል ስለሆነ ብረቱ ከጣጣ ያድናል። የተኩሱ ቦታም አጋዘን ከወደቀበት ወደ ወንዙ የሚወስደው ቁልቁለት ቢሆን መንገድ ይቆጠባል።

ውሻው ነፋስን ፊት ለፊት እያሸተተ ግራና ቀኝ ይመላለሳል። ድንገት ደርቆ ሲቆም ሮጠው ከኋላው አይምጡ፤ በጎን በኩል በፍጥነት ተራምደው ከአፍንጫው ፊት ይቅደሙ። ወፎቹ ስምንት አሥር ሆነው በአንዴ ሲፈነዱ መንጋውን መተኮስ ማለት ምንም አለመምታት ነው። አንዷን በዓይን ነጥሎ፣ አፈሙዙን በእሷ በኩል አሳልፎ፣ ሳያቆሙ መተኮስ፤ ርቀቱ ከ35 ሜትር አይለፍ። ግራውስ ዝቅ ብላ ስለምትበር ከበስተጀርባዋ ውሻ ወይም ሰው ካለ አይተኮስም። የወደቀችውን ሄዘር ውስጥ በዓይን ምልክት አድርገው ውሻው እስኪያመጣት ይጠብቁ፤ እጅ ያልገባች ወፍ አትቆጠርም።

ምሽቱ

ጠዋት ዓሣ ካልተያዘ የቀኑ ጥሩ ዕድል የመጨረሻው ሰዓት ነው። የጠዋቱን ኩሬ አይድገሙት፤ ወደ ፈጣኑ የኩሬ አናት ይሂዱና ዝንቧን በአንድ መጠን ያሳንሱ። ጥላው ውኃው ላይ ሲያርፍ የተኛው ዓሣ ይንቀሳቀሳል። ሲጨላልም ጥልቅ ውኃ ውስጥ አይግቡ፤ ከጉልበት በላይ በማይደርስበት ቆመው ክሩን ማሳጠር ይበቃል። ከመጨረሻው ውርወራ በኋላ ደግሞ ጭኑንና ብብቱን በፋኖስ ይፈትሹ፤ የሄዘር መዥገር «ላይም» የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል፣ የሚነቀለውም ከቆዳው ሥር ተይዞ በቀጭን መቆንጠጫ ነው።