ለወንዱም ለሴቷም ልጅ የሴቶችን ታሪክ እንዴት እናስተምር?

ብዙ ልጆች እቴጌ ጣይቱን የሚያውቋቸው «የምኒልክ ባለቤት» ተብለው ነው። ምን እንደሠሩ ስትጠይቋቸው ግን ይቸገራሉ። ይህን ቤት ውስጥ ማስተካከል ይቻላል።

መጀመሪያ አንድ ታሪክ ብቻ ምረጡ። በአንድ ቀን አሥር ስም መደርደር ልጅ ያሰለቻል። እኔ የምመርጠው የመቀሌውን ነው።

ቀጥሎ ችግሩን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። «ጊዜው ጥር 1888 ዓ.ም. ነው። ጣሊያኖች መቀሌ፣ እንዳ ኢየሱስ ላይ ምሽግ ሠርተው ገብተዋል። የኛ ሰዎች ሊሰብሩት ሞክረው ብዙዎች ወደቁ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?» አንዱ መሰላል ይላል፤ ሌላዋ በጉድጓድ እንግባ ትላለች። አትቸኩሉ፣ ሁሉንም ስሟቸው። ከዚያ የእቴጌን መላ ንገሯቸው። ምሽጉ ውኃ የሚያገኘው ከውጭ ካለ ምንጭ ነበር። እቴጌ ምንጩ ይያዝ ብለው መከሩ፤ ሰዎቻቸውም ያዙት። ጣሊያኖች ጥሙ ሲጠናባቸው ምሽጉን ለቀው ወጡ። ራሱ መላ ሲፈልግ የቆየ ልጅ ይህን ብልሃት በቀላሉ አይረሳም።

ታሪኩን በጨዋታ ስትደግሙት ወንዱም በተራው እቴጌን ይሁን። አፍሮ ቢስቅ አትቆጡት። «እሺ እቴጌ፣ ምን ያዛሉ?» በሉት፤ ወዲያው ይገባበታል። ለሴት ልጅ ብቻ ከነገርናት ወንድሟ የሴት ብልሃት እሱን እንደማይመለከተው አድርጎ ያድጋል። ይህ በጣም ያሳስበኛል።

ከፍ ላሉት ደራርቱ ቱሉን አሳዩአቸው። የበቆጂ ልጅ ናት። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ 10,000 ሜትር ስታሸንፍ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ቪዲዮውን ውድድሩ እንዳለቀ አትዝጉት። ደራርቱ ሁለተኛ ከወጣችው ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ሲዞሩ ይታያሉ። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከኦሊምፒክ ርቃ የተመለሰችው ከ32 ዓመት በኋላ ነበር። ልጆቹ «ለምን ተያያዙ?» ማለታቸው አይቀርም፤ ጥሩ ወሬ የሚጀመረው እዚያ ላይ ነው።

አያትም አትረሱ። ውጭ አገር ካላችሁ በስልክ ይሆናል። ልጆቹ «በልጅነትዎ ምን ከባድ ነበር? እንዴት ተወጡት?» ብለው ይጠይቁ፣ ድምፁንም ይቅዱ።

ከቻላችሁ ቦታውን አሳዩአቸው። አዲስ አበባ ያላችሁ ፒያሳ ጣይቱ ሆቴል ሂዱ። ጎንደር ላላችሁ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ቁስቋም አለላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ለእያንዳንዱ ልጅ ለአስጎብኚው የሚያቀርበው አንድ ጥያቄ አስይዙት።