ስትሮክ የተጠረጠረበትን ታካሚ የራስ ሲቲ ስካን እንዴት እናዝዝ፣ እንዴት እናንብብ

በአዲስ አበባ ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆነው ለሚመጡ ወጣት ሐኪሞች አስቀድሜ የምነግራቸው አንድ ነገር አለ፦ አልጋው አጠገብ ቆማችሁ ስትሮኩን «አንጎል ውስጥ ደም ፈሶ ነው» ወይም «የአንጎል ደም ሥር ተዘግቶ ነው» ብላችሁ አትፍረዱ። የደም ግፊቱ 220 መሆኑ ደም መፍሰሱን አያረጋግጥም፤ ታካሚው አለማስመለሱም መዘጋቱን አያሳይም። ለአንዱ የምንሰጠው መድኃኒት ሌላውን ሊገድል ስለሚችል፣ ከምስሉ በፊት አስፒሪንም ቢሆን መስጠት አይገባም።

ምስሉ ግን ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ሰዓት ይፈልጋል። መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ሕመሙ የታወቀበት ሰዓት ሳይሆን ታካሚው ደህና ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ሰዓት ነው። ጠዋት ሲነቁ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ያላቸው እናት ቢመጡ ቆጠራው የሚጀምረው ወደ መኝታ ከሄዱበት ነው። እዚያ ላይ ግን አትቁሙ፤ ልጆቻቸውን ጠይቁ። ሌሊት ለሽንት ተነሥተው ነበር? ለኪዳን ወይም ለሱብሒ ሶላት ሲነሡ ያያቸው አለ? በስልክ ያናገራቸውስ? አንዲት አጭር መልስ ብዙ ሰዓት ልትመልስላቸው ትችላለች።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የሰዓት አቆጣጠራችን ነው። ቤተሰቡ «ሁለት ሰዓት ላይ ደህና ነበር» ሲል ጠዋት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማለቱ ነው። መዝገቡ ላይ 2፡00 ተብሎ ይጻፋል። የሲቲ ማሽኑ ግን ምስሉ ላይ 10፡40 ብሎ ያትማል። ሁለቱን ያለ ማስተካከል የሚያነጻጽር ሐኪም 8 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አልፏል ብሎ ይተወዋል፤ እውነቱ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጥበት ጊዜ በሙሉ አራት ሰዓት ተኩል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ የስድስት ሰዓት ስሕተት የሰውን ቀሪ ሕይወት ይወስናል። ስለዚህ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ፤ «ጠዋት» ወይም «ማታ» የሚለውም አይቅር።

ወደ ስካን ከመውሰዳችሁ በፊት የመተንፈሻ መንገዱን አረጋግጡ፤ በጣት ደም ስኳር ለኩ፤ ግፊት ለኩ፤ የደም ሥር መስመር ክፈቱ። ስኳር ከ50 በታች ሲወርድ ልክ እንደ ስትሮክ ጎን ያደክማል፣ አንደበት ያስራል፤ ግሉኮስ ሲሰጠው የሚነሣ ታካሚ አለ። ሌላውን የላቦራቶሪ ውጤት ቆማችሁ አትጠብቁ። የክፍያው ወረፋም ታካሚውን ማስቆም የለበትም፤ ስትሮክ ሲመጣ ስካኑ እንዲቀድም ከገንዘብ ክፍሉ ጋር ዛሬውኑ ተነጋገሩ። ትልቅ የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ በየደቂቃው ወደ 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሴሎች እንደሚሞቱ ይገመታል።

የትእዛዝ ወረቀቱ ላይ «የራስ ሲቲ» ብቻ ብላችሁ አትላኩ። የትኛው ጎን እንደደከመ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ መውደቅ እንደነበረና ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን ይወስድ እንደሆነ ጻፉ። የልብ ቫልቭ ሕመም ይዟቸው ይህን መድኃኒት የሚወስዱ ወጣቶች እኛ ዘንድ ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው ምስል ያለ ኮንትራስት፣ ማለትም በደም ሥር የሚሰጠው ማቅለሚያ ሳይገባ ይነሣ። ጉትቻና የፀጉር ሽቦ ይውለቅ፤ ጭንቅላቱም ቀጥ ይበል፤ በተንጋደደ ምስል ግራና ቀኙን ማወዳደር አይቻልም።

ምስሉ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ደም አለ ወይስ የለም የሚል ነው። ትኩስ ደም ነጭ ሆኖ ይታያል፤ በሃውንስፊልድ፣ ማለትም ሲቲ የአካል ክፍሎችን ጥግግት በሚለካበት መለኪያ፣ ከ50 እስከ 80 አካባቢ ነው። ከ100 በላይ ከሆነና በሁለቱም ጎን ተመሳሳይ ቦታ ላይ ከተቀመጠ አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየም ነው፤ ብዙ ጀማሪዎችን የሚያስደነግጠው እርሱ ነው። ግፊት ያፈሰሰው ደም የሚወዳቸው ቦታዎች ቤዛል ጋንግሊያ፣ ታላመስ፣ ፖንስና ትንሹ አንጎል ናቸው። መጠኑን ለማወቅ ትልቁን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በሴንቲ ሜትር አባዙና ለሁለት አካፍሉ፤ ውጤቱ በሚሊ ሊትር ነው። የላይኛውን ግፊት ወደ 140 በዝግታ አውርዱ፤ ከ130 በታች አይግባ። ዋርፋሪን ከነበረ ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየውን አይኤንአር ለኩ፤ ቫይታሚን ኬ 10 ሚሊ ግራም በደም ሥር ስጡ፤ ፕላዝማም ከደም ባንክ አስመጡ። በትንሹ አንጎል ውስጥ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ደም ካያችሁ ግን ሌላውን ሁሉ ሳትጨርሱ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ጥሩ።

ደም ከሌለስ? እዚህ ላይ ዓይን መሠልጠን አለበት። የምስሉን ዊንዶው (የጥቁርና ነጭ ልዩነቱን የሚወስነውን ማስተካከያ) ወርዱን 40፣ መካከሉን 40 አድርጉና ሁለቱን ጎን አስተያዩ። ኢንሱላ የሚባለው በጎን እጥፋት ውስጥ የተደበቀው የአንጎል ቅርፊት ጠርዙ ደብዝዟል? የቤዛል ጋንግሊያ ክፍል የሆነው ሌንቲፎርም ከአካባቢው ጋር ተመሳስሏል? የመካከለኛው የአንጎል ደም ቧንቧ ከወዲያኛው ይልቅ ነጥቷል? የጉዳቱን ስፋት በሚለካው አስፔክትስ በሚባል ነጥብ፣ ለተጎዳ ለእያንዳንዱ ክፍል ከ10 አንድ እየቀነሳችሁ ቁጠሩ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ምስሉ ፍጹም ጤነኛ ሊመስል ይችላል፤ «ሲቲው ደህና ነው» ብላችሁ ጎኑ የደከመን ሰው ወደ ቤቱ አትመልሱ፤ እለምናችኋለሁ። በተለይ ድንገት ዞሮበት መቆም ላቃተው ታካሚ የኋለኛውን አንጎል ሲቲ በደንብ አያሳይም፤ ኤምአርአይ ካለ አዲስ ጉዳትን ቶሎ የሚያሳየው ዲፊውዥን የሚባለው ምስል ይነሣ፤ ከሌለ አስተኙትና ተከታተሉት።

ሰዓቱ ካላለፈና የሚከለክል ነገር ከሌለ፣ የረጋ ደም የሚያሟሟው አልቴፕሌዝ ባለበት ሆስፒታል ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.9 ሚሊ ግራም ይሰጣል፤ ከ90 ሚሊ ግራም አይበልጥም። አሥር በመቶው በአንድ ደቂቃ፣ ቀሪው በአንድ ሰዓት ይገባል። ከዚያ በፊት ግፊቱ ከ185 በ110 በታች መውረድ አለበት። መድኃኒቱ ለማይደርሰው ለአብዛኛው ታካሚያችን ግን ግፊቱን እስከ 220 በ120 ድረስ መታገሥ ይገባል፤ ከምላስ ሥር በሚሰጥ ኒፌዲፒን በአንድ ጊዜ መጣል ሊተርፍ የሚችለውን የአንጎል ክፍል ደም ያሳጣዋል። መዋጥ መቻሉን በውኃ ፈትኑ፤ ከዚያ አስፒሪን ከ160 እስከ 300 ሚሊ ግራም ስጡ። አልቴፕሌዝ የወሰደ ሰው አስፒሪኑን የሚጀምረው ከ24 ሰዓት በኋላ፣ ሁለተኛው ሲቲ ደም አለመኖሩን ካሳየ ነው።

ንቃቱ ከቀነሰ፣ ራስ ምታቱ ከጠና ወይም ማስመለስ ከጀመረ ስካኑን ወዲያው ድገሙ። ዕድሜው ከ60 በታች ሆኖ የአንጎሉ አንድ ጎን በሰፊው ካበጠ፣ የራስ ቅሉን ከፍቶ ቦታ የሚሰጠው ቀዶ ሕክምና በ48 ሰዓት ውስጥ ቢሠራ ሕይወት ያተርፋል። ወደ ሌላ ሆስፒታል ስትልኩ ሪፖርቱ ብቻ አይበቃም፤ ምስሎቹን በሲዲ፣ ሰዓቶቹንም በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ ለአስታማሚው በእጁ ስጡት፤ ተቀባዩን ተረኛ ሐኪምም አምቡላንሱ ሳይነሣ በስልክ አነጋግሩት።