ከአይሲቲ ባለሙያነት ወደ ዳይሬክተርነት፦ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለምትሠራ ሴት

በመንግሥት ቤት ወደ ኃላፊነት የሚያስገቡ በሮች ሁለት ናቸው፤ ሹመትና ውድድር። ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከካቢኔው አባላት ግማሹ ሴቶች ሲሆኑ አገር ሁሉ ያወራው ስለ መጀመሪያው በር ነበር። ሹመት ግን የሚመጣበትም የሚነሣበትም ቀን በተሿሚዋ እጅ አይደለም። እዚህ የምንጽፈው ስለ ሁለተኛው ነው። በአይሲቲ (የመረጃና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ) ክፍል ኔትወርክ የምትዘረጊ፣ ሲስተም የምታለሚ ወይም የተጠቃሚ ድጋፍ የምትሰጪ ባለሙያ ከሆንሽ፣ ወደ ቡድን መሪነትና ከዚያም ወደ ዳይሬክተርነት (አንዳንድ ቤት ሥራ አስፈጻሚ ይሉታል) የሚወስደው መንገድ ከኮምፒውተሩ ይልቅ በወረቀቱ በኩል ያልፋል። ሌሊት የወደቀውን ሰርቨር ማን እንዳነሣው የክፍሉ ሰው ሁሉ ሊያውቅ ይችላል፤ ተወዳዳሪዎችን የሚመርጠው ኮሚቴ ፊት የሚቀርበው ግን የግል ማኅደር ነው።

ስለዚህ ከማኅደርሽ ጀምሪ። የውድድር ማስታወቂያ እስኪወጣ አትጠብቂ፤ ለምዝገባ የሚሰጡት ቀናት ጥቂት ስለሆኑ የጎደለ ወረቀት ለማሟላት አይበቁም። የሰው ሀብት አስተዳደር ሄደሽ ማኅደርሽን ለማየት ጠይቂና ቅጠል በቅጠል ግለጪ። ዲግሪሽ ከውጭ አገር ከሆነ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ደብዳቤ ያስፈልግሻል፤ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ተምረሽ የተመለስሽ ከሆነ ይህን በመጀመሪያው ወር ጨርሺ። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን የሥራ መደብ፣ በስንት ደመወዝ የሚለውን መያዝ አለበት። ከግል ድርጅት የመጣ ከሆነ የሥራ ግብር መከፈሉም ይጠየቃል። የዘመን አቆጣጠሩንም ተመልከቺ። «2015» የሚል ደብዳቤ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ካልተለየ ሰባት ስምንት ዓመት ይዛባል፤ አጣሪው ደግሞ ለአንቺ በሚጠቅመው በኩል የመተርጎም ግዴታ የለበትም።

የመደብ ስምም ሌላ ወጥመድ ነው። ዳታቤዝ ስታስተዳድሪ ኖረሽ ደብዳቤው «የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ» ካለሽ፣ ልምድሽ «ቀጥተኛ አግባብነት የለውም» ተብሎ ሊወድቅ ይችላል። በተግባር የሠራሽውን የሚዘረዝር ተጨማሪ ደብዳቤ የቅርብ ኃላፊሽ ሳይቀየር አጽፊ። ስለ ሰርተፍኬት አንድ ቃል፦ ሐምሌ 2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ነጻ ነው፤ ውሰጂው፤ ማኅደርሽ ውስጥም አስገቢው። የትምህርት ደረጃን ግን አይተካም።

ቀጥሎ ምዘናው ነው። የሥራ አፈጻጸም በዓመት ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ለደረጃ ዕድገት አብዛኛውን ጊዜ የሚታየውም የቅርቡ ሁለት ውጤት ነው። ውጤቱ የሚበላሸው በታኅሣሥና በሰኔ ሳይሆን ዕቅድ በሚሞላበት በሐምሌና በጥር ነው። «የተጠቃሚ ድጋፍ መስጠት» ብለሽ ያቀድሽ እንደሆነ፣ ከሁሉም እኩል መካከለኛ ነጥብ ይሰጥሻል፤ የሚለካ ነገር የለማ። «የሚቀርቡ የብልሽት ጥያቄዎችን በ4 ሰዓት ውስጥ መፍታት»፣ «በየወሩ አንድ ጊዜ ከመጠባበቂያ ቅጂ መልሶ የማንሣት ሙከራ ማድረግ» ብለሽ ጻፊ። ከዚያ በኤክሴል አምስት ዓምድ ያለው መዝገብ ክፈቺ፦ ቀን፣ ጠያቂ ክፍል፣ ችግር፣ የተወሰደ እርምጃ፣ የተዘጋበት ሰዓት። በቀን አምስት ደቂቃ አይፈጅም። መዛኝ የሚያስታውሰው የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ነው፤ መዝገቡ ስድስቱን ወር ያስታውሰዋል። በውጤቱ ካልተስማማሽ ከመፈረምሽ በፊት በአስተያየት ቦታው ላይ ጻፊ። ፈርመሽ ወጥተሽ ኮሪደር ላይ ማማረር ለማንም አይጠቅምም።

የወሊድ ፈቃድ አራት ወር ገደማ ስለሚፈጅ የምዘናውን ጊዜ ለሁለት ይቆርጠዋል። ከመውጣትሽ በፊት እስከዚያ ቀን ያከናወንሽውን በአንድ ገጽ ሪፖርት አቅርበሽ በመዝገብ ቤት ቁጥር አሰጪው። ሥራሽንም በጽሑፍ አስረክቢ። ይህ ካልሆነ በሌለሽበት የተፈጠረ ክፍተት በስምሽ ሲጻፍ ትደርሺበታለሽ።

አሁን ብዙዎች ወደሚሰናከሉበት እንምጣ። ቡድን መሪው ሲለቅ ወይም ለትምህርት ሲሄድ «ለጊዜው አንቺ ያዥው» ይባላል፤ በቃል። ስብሰባውን ትገቢያለሽ፣ ሪፖርቱን ትጽፊያለሽ፣ ወቀሳውንም ትቀበያለሽ። ስምንት ወር አልፎ መደቡ ሲወጣ የመምራት ልምድ ስትጠየቂ የምታሳዪው ወረቀት የለም። መፍትሔው በመጀመሪያው ሳምንት አጭር ማስታወሻ መጻፍ ነው፦ «በቃል በተሰጠኝ መመሪያ ከዚህ ቀን ጀምሮ የቡድኑን ሥራ እያስተባበርኩ ስለሆነ ደብዳቤ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ»። ደብዳቤው ሲመጣ «ተጠባባቂ» ይላል ወይስ «ውክልና» የሚለውን ለዪ፤ ተጠባባቂ መደቡን ይዞ ይሠራል፣ ተወካይ ኃላፊው እስኪመለስ ድረስ ነው። የሚያበቃበት ቀንና የመፈረም ሥልጣንሽ ልክ ይጻፍ። ደብዳቤውን ከከለከሉሽ እንኳ ማስታወሻሽ ገቢ ቁጥር ይዞ ይቀመጣል።

ደግነት የሚመስል መሰናክልም አለ። «ለአንቺ አስበን ነው» እየተባለ የሌሊት ዳታ ሴንተር ተረኝነትና የቅርንጫፍ መስክ ሥራ ለወንዶቹ ይሰጣል፤ ቃለ ጉባኤ መያዝና የበዓል ኮሚቴ ለአንቺ። ሲስተም ተተክሎ የሚነሣውና የሚወድቀው መስክ ላይ ስለሆነ፣ ያልወጣች ሴት በቃለ መጠይቅ የምትናገረው ያንሳታል። ተረኝነቱን ጠይቂ፤ መጓጓዣውንም አብረሽ ጠይቂ፣ ሌሊት ለሚሠራ ሁሉ የሚገባ ነውና። ቃለ ጉባኤ መያዝን በእርግጥ አንናቅ፤ ምን እንደተወሰነ በትክክል የምታውቀው ያዢዋ ናት። ብቻ በዙር ይሁን።

ባለሙያን ከመሪ የሚለየው ግን በጀት ነው። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያበቃል፤ ለሚቀጥለው ዓመት የሚገባው ፍላጎት ግን ከወራት በፊት ተሰብስቦ ያልቃል። በታኅሣሥ የክፍሉን ፍላጎት በአንድ ሠንጠረዥ አዘጋጅተሽ ለኃላፊሽ ስጪ፦ ዕቃው፣ ብዛቱ፣ ግምታዊ ዋጋው፣ ካልተገዛ ምን እንደሚቆም። በመጨረሻው ዓምድ ላይ ድከሚ። «ስዊች 6» የሚለውን የፋይናንስ ሰው ይሰርዘዋል፤ «የሦስተኛው ፎቅ የክፍያ መስኮት ይቆማል» የሚለውን ግን አይነካውም። የዕቃ ዝርዝር መግለጫም ጻፊ። የንግድ ምልክት ጠርተሽ አትጻፊ፤ በአቅምና በመለኪያ ግለጪው፤ የግድ ከሆነ «ወይም ተመጣጣኝ» ይጨመርበት። አለዚያ ተጫራች አቤት ይልና ግዥው ይጓተታል፤ ሰኔ 30 ሲያልፍ ገንዘቡ ተመላሽ ይሆናል። በቴክኒክ ገምጋሚነት እንድትመደቢም ጠይቂ፤ አንድ ግዥ ከፍላጎት እስከ ርክክብ የተከታተለች ባለሙያ ቃለ መጠይቅ ላይ ከሌሎቹ ትለያለች።

ማስታወቂያው ሲወጣ የነጥብ ክፍፍሉን አንብቢ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ለሴቶች የተጨማሪ ድጋፍ እርምጃ ይፈቅዳል፤ በውድድሩ ላይ በምን ልክ እንደሚሠራ የሚወስነው ግን መመሪያው ስለሆነ ቅጂውን ከሰው ሀብት ጠይቂ። ለዓመታት ሲጠቀስ የኖረው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 በ2017 በአዋጅ ቁጥር 1353 ተተክቷልና ባረጀ አንቀጽ አቤቱታ አትጻፊ። በቃለ መጠይቅ ደግሞ «ሠራን»፣ «አደረግን» ማለቱ ጨዋነት ቢሆንም ነጥብ አያስገኝም። «እኛ» የምትይውን ለቡድኑ ተይና ያንቺን ድርሻ በ«እኔ» ለይተሽ ተናገሪ፦ ስንት ተጠቃሚ፣ በስንት ቀን፣ ምን ችግር ተፈታ።

ካለፍሽ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ርክክብ ነው፤ የእንኳን ደስ አለሽ ቡና ይቆይ። ንብረቱን በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ከገባውና በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ደረሰኝ) ከወጣው ጋር አስተያይተሽ፣ የጎደለውን «የለም» ብለሽ ጽፈሽ ተፈራረሚ፤ ያልተጻፈ ላፕቶፕ ዕዳሽ ይሆናል። የሰርቨርና የፋየርዎል የይለፍ ቃሎችን በታሸገ ዝርዝር ተረክበሽ በሳምንቱ ቀይሪ። የፈቃድ፣ የጥገና ውልና የድረ ገጽ ስም የሚያበቃበትን ቀን በአንድ ሰሌዳ አስቀምጪ። ከዚያ አንድ ዳታቤዝ መርጠሽ ከመጠባበቂያ ቅጂው በሌላ ማሽን ላይ አስነሺ። ካልተነሣ፣ ዕለቱን በጽሑፍ ለበላይሽ አሳውቂ፤ ያገኘሽው እንጂ ያበላሸሽው አለመሆኑ የሚታወቀው በዚያ ቀን ብቻ ነው።