አራቱም ፍሬቻ «ቀጥታ ነኝ» ማለት አይደለም

መንጃ ፈቃድ ያለን ሁሉ ፈተናውን አልፈናል። ከአያት ወዲያ፣ ከካራ ማዶ ስንወጣ ግን ትራፊክ ፖሊስ የማይቆምበት መንገድ ሕግ የሌለበት ይመስለናል። ደንቡ ለመስቀል አደባባይ የተጻፈውን ያህል ለኮዬ ፈጬም ተጽፏል።

መጀመሪያ የራሴን ስህተት ልናገር። መስቀለኛ መንገድ ላይ ደርሶ ቀጥታ መሄድ የፈለገ ሹፌር አራቱንም ፍሬቻ ያበራል። ማን እንዳስተማረን እንጃ፤ እኔም ለዓመታት አድርጌዋለሁ። አራቱ ፍሬቻ የተሠራው ተበላሽቶ መንገድ ላይ ለቆመ ወይም ለሌላው አደጋ ሊሆን ለሚችል ተሽከርካሪ ነው። ቀጥታ የሚሄድ ሰው ምንም ማብራት አያስፈልገውም። ጉዳቱ የገባኝ በቀኝ በኩል ካለ የኮረኮንች መንገድ ለመውጣት ይጠብቅ የነበረ ባጃጅ ፊቴ ጥልቅ ሲል ነው። ለካ እሱ የሚያየው አንዱን ጎኔን ብቻ ኖሯል፤ የቀኙ ፍሬቻ ብልጭ ድርግም ሲል «ወደ እኔ ሊታጠፍ ነው» ብሎ ገባ። ስድቤን ዋጥኩ።

አደባባይ ላይ ቅድሚያው ቀድሞ ገብቶ ለሚዞረው ነው። በዳር ሰፈር ግን ቅድሚያ በክብደት የሚታደል ይመስላል፤ አሸዋ የጫነ ገልባጭ ሲመጣ ሁሉም ይሸሻል። መሸሹን አልነቅፍም። የሚያናድደኝ ከገልባጩ የሸሸችው ትንሽ መኪና ወዲያው ዞራ በሞተር ብስክሌተኛው ላይ ያንኑ ስትደግመው ነው።

ዜብራ ላይ ለቆመ መኪና ክላክስ ማድረግ፣ ብሎም በጎኑ ማለፍ ሌላው ነው። ያ መኪና ያለ ምክንያት አልቆመም፤ ከፊቱ የምትሻገር ተማሪ አለች፣ ቁመቷም ከሞተር ክዳኑ አይበልጥም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። እስኪያያት አጠገቧ ደርሷል። ቀለሙ ስለደበዘዘ ዜብራው አልታየኝም የሚል አለ፤ የቆመው መኪናስ አልታየውም?

በቱሉ ዲምቱ በኩል ወደ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ላይ መውጫውን ካለፉ ቀጣዩ ድረስ ይሂዱ። ወደኋላ መመለስ የለም፣ ለአንድ ሜትርም።

ከሱሉልታ መጥተው በእንጦጦ ጋራ ቁልቁል ሲወርዱ ደግሞ ማርሹን ፍሪ አድርገው ነዳጅ የሚቆጥቡ አሉ። መኪናው በፍሬን ብቻ ሲያዝ ፍሬኑ ይግላል፣ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ሹፌሩ ይህን የሚያውቀው መጨረሻው ኩርባ ላይ ነው። ቁጠባውም ቢሆን በዘመናዊ መኪና የለም። ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ የአብዛኞቹ ሞተር ነዳጁን ራሱ ይቆርጣል፤ ፍሪ ሲሆን ግን እንዳይጠፋ ሲል ያቃጥላል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ማስገባት ነው። አውቶማቲክ የሚነዱም «ኤል» ወይም «2» የሚለው ላይ ቢያደርጉት ያው ነው።