አንጀት የሚያርስ የቤተሰብ ልብ ወለድ በባሕር ጠረፍ መቼት እንዴት ይጻፋል?

ከአያት እስከ ልጅ ልጅ የሚዘልቅ፣ ከባሕር ጠረፍ የማይርቅ የቤተሰብ ልብ ወለድ አንባቢን የሚስበው በሰማያዊው ውኃና በነጩ አሸዋ ውበት ነው የሚል ግምት አለ። ይህ ግምት ጀማሪ ደራሲን ያሳስታል፤ የመልክዓ ምድር ውበት ከጥቂት ገጾች በኋላ ይለመዳልና። አንባቢን እስከ መጨረሻው ገጽ ይዞ የሚቆየው ሌላ ነገር ነው። ባሕር ሰውን ይወስዳል፣ ያቆያል፣ አንዳንዴም ይመልሳል፤ በዚህ መካከል ቤት የቀረው ሰው ይጠብቃል። በመጨረሻ የሚመጣው መገናኘትና መታረቅ አንጀት የሚያርሰው ከፊቱ ያ ሁሉ ጥበቃ ስላለ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ልብ ወለድ ለመጻፍ የተነሣ ሰው አስቀድሞ ሊወስነው የሚገባው ማን ማንን እንደሚጠብቅ ነው።

ጥበቃው በየትውልዱ መልኩን ሊቀይር ይገባል። አያት በጀልባ ወጥቶ የቀረ ባሏን ስትጠብቅ፣ ልጇ በሩቅ ወደብ ሥራ ፍለጋ ሄዶ ድምፁ የጠፋ ወንድሙን፣ የልጅ ልጇ ደግሞ ቤቱን ጥላ የወጣች እናቷን ልትጠብቅ ትችላለች። ስሜቱ አንድ ሆኖ ሁኔታው ሲለያይ አንባቢው ማንም ሳያስረዳው የዘር ሐረጉን ያየዋል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ፖሊን ቦስ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያጠናችው አንድ ዓይነት ሐዘን አለ፤ የሄደው ሰው ይሙት ይኑር ሳይታወቅ ሲቀር የሚደርስ፣ መቋጫ ያጣ ሐዘን ነው። አስከሬኑ ያልተገኘ የመርከበኛ ቤተሰብ የሚኖረው በዚህ ውስጥ ነው። ሚስቱ ሐዘን ትቀመጥ ወይስ ተስፋ ታድርግ፣ ልጆቹ ልብሱን ይልበሱት ወይስ ያቆዩት፣ ሌላ ሰው ለትዳር ሲጠይቃት ምን ትመልስ የሚሉት ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው አንድ ምዕራፍ ይወጣቸዋል። የጠፋውን ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ በሕይወት መልሶ ማምጣት ግን አይመከርም፤ እንዲህ ያለው መመለስ ለጊዜው ቢያስለቅስም፣ እነዚያ ሰዎች በእነዚያ ዓመታት የወሰኑትን ሁሉ ከንቱ ስለሚያደርግ አንባቢው እንደ ተታለለ ይቆጥረዋል።

ቀጥሎ ቤተሰቡ በምን እንደሚተዳደር ይወሰን። ዓሣ ማጥመድ፣ ጀልባ መሥራት፣ ጨው ማምረት፣ ለእንግዳ ክፍል ማከራየት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሰዓት፣ የራሳቸው ስጋትና የራሳቸው ጠብ አላቸው። በብዙ የዓሣ አጥማጅ ማኅበረሰቦች ገቢው በድርሻ ይከፋፈላል፤ ከሰዎቹ ሌላ ለጀልባውና ለመረቡም ድርሻ ይታሰባል። ይህች ደንብ ለደራሲ ትልቅ ሲሳይ ናት። የጀልባው ባለቤት የሆነው ታላቅ ወንድም ባሕር ሳይወጣ ድርሻውን ሲቀበል፣ በማዕበል ውስጥ ያደረው ታናሽ ምን ይሰማዋል? ውርስ ሲመጣ ነገሩ ይብሳል፤ መሬት በገመድ ተለክቶ ይከፈላል፣ ጀልባ ግን ለሦስት ልጆች አይቆረጥም። ሌላም ምሳሌ አለ፦ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመርከቦች የመብራት ማማዎች በብዙ አገሮች በራሳቸው በሚሠሩ መሣሪያዎች ሲተኩ የጠባቂዎቹ ሙያ አብሮ ጠፍቷል። አባትና ልጅ ተቀባብለው የያዙት ሥራ በልጅ ልጅ ዘመን ሲቀር፣ ክፉ ሰው ሳያስፈልግ ግጭት ይፈጠራል። ለዚህ ዓይነት ልብ ወለድ የሚስማማውም ጥፋተኛ የሌለበት ግጭት ነው፤ ሁሉም በራሱ በኩል ትክክል የሆነበት ጠብ ሲበርድ ዕርቁ ይታመናል።

ባሕሩን የታሪኩ ሰዓት ማድረግ ከሁሉ በላይ የሚክስ ሥራ ሲሆን፣ ብዙ ደራስያን ችላ የሚሉትም ይህንኑ ነው። በአብዛኞቹ የውቅያኖስ ጠረፎች ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ የነገው ሙላት ከዛሬው 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ሙላት ጠብቆ ከወደብ የሚወጣ ሰው የመብያውም የመኝታውም ሰዓት በዚሁ ልክ ይንሸራተታል፤ ልጁ በአንዱ ሳምንት አባቱን ተኝቶ ብቻ ያየዋል፣ በሌላው ሳምንት ደግሞ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደጃፍ ላይ መረብ ሲጠግን ያገኘዋል። አባትና ልጅ የሚቀራረቡበትን ትዕይንት የትኛው ሳምንት ላይ ማስቀመጥ እንደሚገባ ባሕሩ ራሱ ይነግረናል ማለት ነው። አዲስ ጨረቃ ስትወለድና ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ሙላቱም ጉድለቱም ይበረታል፤ በሌላ ጊዜ የማይታይ ዐለት ወይም የሰጠመ ጀልባ ስብርባሪ የሚገለጠው በዚያን ጊዜ ነው። ለዓመታት የተሰወረ ነገር እንዲገኝ የሚፈልግ ደራሲ ነገሩን ለአጋጣሚ ከመተው ይልቅ በዚህ ሊጠቀም፣ ንግሩንም፣ ማለትም ወደፊት ለሚመጣው ነገር አስቀድሞ የሚሰጠውን ፍንጭ፣ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ሊያኖር ይችላል። የቦታው ጠባይ ሳይጣራ ግን አይጻፍ። የሜዲትራንያን ባሕር ሙላትና ጉድለት በአብዛኛው ትንሽ ነው፤ በካናዳ በሚገኘው የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ ልዩነቱ 16 ሜትር ያህል ሊደርስ ስለሚችል በአንደኛው የሚሠራ ትዕይንት በሌላው ይፈርሳል። ነፋሱም ሥርዓት አለው፤ በጠራ ቀን የብሱ ከባሕሩ ፈጥኖ ስለሚሞቅ ቀን ከባሕር ወደ የብስ፣ ሌሊት ደግሞ ከየብስ ወደ ባሕር ይነፍሳል። በዚህ የሌሊት ነፋስ በባለሸራ ጀልባ ሊወጣ ጎሕ ሳይቀድ የሚነሣ አባት ቤተሰቡን ተሰናብቶ የሚሄደው በጨለማ ነው፣ ይህም ለስንብት ትዕይንት የራሱን ጥላ ይሰጠዋል።

ትውልዱን በሦስት መገደብ ይበጃል። ጽሑፉ ከመጀመሩ በፊት የእያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ዓመት የያዘ ሠንጠረዥ ይዘጋጅ፤ ከሁለት መቶ ገጽ በኋላ አያትየዋ ከልጇ በአሥር ዓመት ብቻ በልጣ እንዳትገኝ የሚያድነው ይህ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በእኩል ስፋት መተረክ ግን አያስፈልግም። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ቨርጂኒያ ዉልፍ እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመችው፣ በስኮትላንድ ደሴት በሚገኝ የባሕር ጠረፍ ቤት ላይ በተመሠረተው «To the Lighthouse» በተባለው ልብ ወለዷ፣ በመካከለኛው አጭር ክፍል አሥር ዓመት ታሳልፋለች። በዚያ ክፍል በዋናነት የሚታየው ሰው የራቀው ቤት ሲያረጅ ነው፤ የእናትየዋ ሞት እንኳ በቅንፍ ውስጥ በአጭሩ ይነገራል። የእርሷ የአጻጻፍ ስልት ለዚህ ዓይነት ልብ ወለድ ከባድ ሊሆን ይችላል፤ ጊዜን በቤቱ ላይ የማሳየቱ ዘዴ ግን ለማንም ይጠቅማል፤ ጨው የበላው ማጠፊያ፣ የተላጠ ቀለምና የማይዘጋ መስኮት የዓመታቱን ርዝመት ከብዙ ማብራሪያ በተሻለ ይናገራሉ።

ትውልዶቹን የሚያያይዝ አንድ ዕቃ መምረጥም የተለመደ ነው። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ሮዛመንድ ፒልቸር እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣችው «The Shell Seekers» በተባለው ዝነኛ ልብ ወለድ ይህን ሚና የሚጫወተው የዋናዋ ገጸ ባሕርይ አባት የሣለው ሥዕል ነው፤ ለእርሷ የአባቷ መታሰቢያ ሲሆን፣ ዋጋው መናሩን ለሰሙት ልጆቿ ግን ሊሸጥ የሚችል ሀብት ነው። ዕቃው የሚሠራው ለአንዱ ትዝታ፣ ለሌላው ገንዘብ ሲሆን ነው፤ ሁሉም እኩል የሚወደው ዕቃ ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ፍቅርና ዕርቅ በሚገለጡባቸው ቦታዎች ላይ ምልልሱ ይጠር። ለዓመታት የተኳረፉ ሁለት ወንድማማቾች «ይቅር በለኝ» ተባብለው ቢተቃቀፉ አንባቢው ያልፈዋል፤ አንደኛው ሳይጠራ መጥቶ የሌላውን ጀልባ ከውኃ ሲያወጣ ቢያግዝና ወሬው ስለ አየሩ ብቻ ቢሆን ግን አንባቢው የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። የቤተሰብ ምሥጢርም አንድ ይብቃ፤ ሦስት አራት ከሆኑ ልብ ወለዱ ወደ ወንጀል ምርመራ ያዘነብላል።

ረቂቁ ሲያልቅ ታሪኩን ከባሕር ርቆ ወዳለ ከተማ ወስዶ በሐሳብ መፈተን ይቻላል። ከተዛወረ በኋላ ምንም የማይጎድለው ምዕራፍ ካለ፣ በዚያ ምዕራፍ ባሕሩ መጋረጃ ብቻ ነበር ማለት ስለሆነ ምዕራፉ እንደገና ይጻፍ ወይም ይውጣ። መደምደሚያው ላይ ሁሉንም ጠብ ማብረድ አስፈላጊ አይደለም፤ ዋናው ጥበቃ መልስ ካገኘ አንዱ ልጅ እንደ ራቀ፣ አንዱ ጥያቄም እንደ ተንጠለጠለ ቢቀር አንባቢው ቅር አይለውም።